ሊቀ ሻትል ይርጉ የቆሻሻ ገንዳውን ከረግረጉ ዳር ያስነሡበት ዘመቻ

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ቀላል ባቡር ሲታክ አየር ማረፊያ በገባ በስድስተኛው ዓመት፣ ኪራይ ከሲያትል እስከ ሾርላይን ያለ ተቀናቃኝ በነገሠበት፣ በስልክ የሚጠራው መኪናም በታክሲው ላይ ሸፍቶ አገሩን ባወከበት ዘመን፣ ሻንጣን በአንድ እጅ አንሺው፣ መንገደኛን ከፓርኪንግ እስከ ተርሚናል አድራሹ፣ በነጂነት ዘመናቸው ሁሉ ቀይ መብራት ጥሰው የማያውቁት ሊቀ ሻትል ይርጉ ዘሲታክ፣ በከተማው የፕላን ሸንጎ ፊት ቆመው የፈጸሙትን ገድል፣ ያላየ እንዳይጠራጠር፣ ያየም እንዳያጋንን ብለን፣ እነሆ ጻፍነው። ማጋነኑን ለራሳችን አስቀርተናል።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። የዱዋሚሽ ወንዝ ወደ ባሕሩ ከሚገባበት ብዙም ሳይርቅ አንድ ረግረግ አለ፤ ባሕሩ ሲመጣ ውኃ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃ የሚሆን፣ ጨው የለመደ ሣር የበቀለበት፣ ላላወቀው ሰው አፍንጫ የሚያስይዝ ቦታ ነው። በዳሩ የእንጨት መተላለፊያ ተዘርግቷል፤ በመተላለፊያውም ደጃፍ ማዕበል ያመጣው አንድ ትልቅ ግንድ ተጋድሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ልጆች እዚያ ግንድ ላይ ተቀምጠው ቦት ጫማቸውን ያጠልቃሉ፤ እስከ ጉልበቷ ቦት የታጠቀች መምህርትም ጭቃው ውስጥ ማን እንደሚኖር፣ ረግረጉም የወንዙን እድፍ አጣርቶ ዓሣውን እንዴት እንደሚያሳድግ ታስተምራቸዋለች። ትምህርት ቤቱ ጣራ የለው፣ ግድግዳ የለው፤ ያለው ያ ግንድ ብቻ ነው።

ሊቀ ሻትል ይርጉ አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ስሟ ኖላዊት። ይህች ልጅ በቤት ውስጥ ንግግሯ ቁጥብ ነው፤ ትምህርት እንዴት ዋለ ቢሏት «ፋይን»፣ እራት ምን ይሁንልሽ ቢሏት «ዋትኤቨር»፣ ምን ሆነሻል ቢሏት «ናቲንግ» ብላ በሯን ትዘጋለች። አባትየው መንገደኛው ሁሉ ሲያወራቸው ከሚውልበት ሻትል ወርደው ዝም ወደሚል ቤት ይገባሉ፤ ይህም አንጀታቸውን ይበላው ነበር። ነገር ግን ቅዳሜ፣ ቦቷን ባጠለቀች ጊዜ፣ አንደበቷ ይፈታል። ይህ ቀዳዳ የማን ቤት እንደሆነ፣ ያ ባለ ረጅም እግር ወፍ ለምን እንደማይነቃነቅ፣ እንግሊዝኛውን ከአማርኛው እያደባለቀች ታወራለች፤ አማርኛው ሲያልቅባት አባቷን ትጠይቃለች፤ አባቷም ስለማያውቁት አብረው ስም ያወጣሉ። ወደ ጎን የሚሄደውን ሸርጣን «ፓርክ ማድረግ ያቃተው ሹፌር» አሉት፤ ስሙም ጸና። በሲታክ መኰንን የሆኑት ሰው እዚያ ጭቃ ላይ ደቀ መዝሙር ነበሩ፤ ደስታቸውም ወሰን አልነበረውም።

ወእምድኅረ ዝንቱ፣ ከረግረጉ አጠገብ ባለው ባዶ መሬት ላይ በዝቅተኛ ኪራይ የሚከራይ አፓርትመንት ሊሠራ ታቀደ። ይህን ሕንጻ ይርጉ አልጠሉትም፤ እንዴት ይጠሉታል? እሳቸው ራሳቸው ተመዝግበው ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይንሸትም ባለ ሦስት መኝታውን በጸሎት ከያዙት ቆይተዋል። ዳሩ ግን ፕላኑ ላይ፣ ልክ ግንዱ በተጋደመበት ጥግ፣ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ተሥላ ነበር፤ እርሷም የቆሻሻ ገንዳዎች ማስቀመጫ ነበረች። ገንዳው እዚያ ከቆመ የቆሻሻ መኪናው በልጆቹ ደጃፍ ያልፋል፤ መኪናው ካለፈ ልጆች አይቀመጡም፤ ልጆች ካልተቀመጡ የቅዳሜው ትምህርት ይዘጋል፤ ይህንንም መምህርቷ እያዘነች ለወላጆች አስታወቀች። ይርጉ ይህን በሰሙ ጊዜ የሌላው ቀን ዝምታ ወደ ቅዳሜ ሲሻገር ታያቸው፤ ፈሩም።

ወዳጃቸው ባለ ታክሲው አማረ፣ ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ወይ ቤቱን ወይ ረግረጉን ምረጥ ሲል መከራቸው። እሳቸው ግን ሁለቱንም ዛፍ ወደዱ፤ ስለዚህ በቫይበር ነጋሪት አስጎሰሙ። አዋጁም እንዲህ ይላል፦ «ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሶ፣ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ሲቲው ሚቲንግ አለው። ቤቱ ይሠራ፣ ገንዳው ይነሣ! ሥራ ያለህ ሺፍትህን ቼንጅ አድርግ፤ መኪና ያለህ ለሌለው ራይድ ስጥ፤ ስትሪት ላይ ግን ፓርክ እንዳታደርግ፣ ቲኬት ይሰጡሃል። ኦኬ? የቀረህ ኖላዊት ስትዳር ሠርጉ ላይ እንዳላይህ!»

አዋጁን ሰምተው የተከተሏቸው ሹማምንት እነዚህ ናቸው፦ በጉራጌ ምድር ተወልደው በሲያትል ሱቅ የተከሉት፣ የበርበሬና የስልክ ካርድ ጌታ ሐጂ ከማሉዲን፤ ሁለቱ ዛፍ እንዴት እንደሚወጣ ሊያይ የመጣው አማረ፤ በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩት፣ አንደበታቸው ከስለት የፈጠነው ወይዘሮ ማንአልሞሽ፤ በደጀንነት ወይዘሮ ወይንሸት ከነዳቦ ቋጠሯቸው። በግንባርም የአባቷን ቃል ወደ እንግሊዝኛ እንድታሻግር የተሾመችው ኖላዊት ነበረች፤ በዚያ ሰፈር ለሐኪሙም ለባንኩም ለመንግሥቱም የሚያስተረጉመው ልጅ ነውና። እርሷ ግን ሹመቱን እንደ ቅጣት ቆጥራ፣ ፀጉሯን ፊቷ ላይ ጥላ መጣች።

አዳራሹ በሁለት ጦር ተከፍሎ ነበር። አንደኛው ወገን ቤት የሚባል አይሠራ ይላል፤ ሌላው ወገን ነገውኑ ይሠራ ይላል፤ ሁለቱም ይርጉን ባዩ ጊዜ የእኛ ሰው መጣ ብለው ጨበጧቸው፤ እሳቸውም ሁለቱንም ጨበጡ። በዚያን ጊዜ የሸንጎው ሊቀ መንበር፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት፣ እንዲህ አወጀች፦ «ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ። አረንጓዴ ሲበራ ይናገሩ፣ ቢጫ ሲበራ ይጠቅልሉ፣ ቀይ ሲበራ ያቁሙ።» ይርጉም ይህስ የእኔው ሕግ ነው ብለው በልባቸው ደስ አላቸው።

ስማቸው ተጠራ፤ አረንጓዴውም በራ። በሻትሉ ውስጥ መንገደኛውን ሁሉ እያሰሙ ያጠኑት ንግግር ነበራቸው፤ ነገር ግን የጨዋ ልጅ በሰው ፊት ቆሞ ሰላምታ ሳይሰጥ ወደ ጉዳይ አይገባም። ስለዚህ አወጁ፦ «እንዴት አመሻችሁ? እንደምን ናችሁ? ጤና እንዴት ነው? ልጆች ደኅና ናቸው? ሥራ እንዴት ነው? ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።» ይህንንም ለሸንጎው በጅምላ ቢያደርጉት አንድ ነገር ነበር፤ እሳቸው ግን ለእያንዳንዱ ሸንጎኛ ፊት ፊቱን እያዩ ለየብቻ ደገሙለት። ኖላዊት ይህን ሁሉ ሰብስባ «ሂ ሴዝ ሃይ» ብላ ተረጎመች። በዳር የተቀመጠው ሸንጎኛ ደኅና መሆን አለመሆኑ ገና ሳይታወቅ ቀዩ በራ። ይርጉም ቀይ አይጥሱምና በቃላቸው መካከል ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ስለ ገንዳው አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

ተረኛው ሐጂ ከማሉዲን ነበሩ። የሰው ቃል ተቋርጦ ሳለ በላዩ መናገር ነውር ነውና «ይህች ደቂቃ የአቶ ይርጉ ናት፤ እሳቸው ይጨርሱ» ብለው አወጁ። ሊቀ መንበሯም ደቂቃ እንደማይወረስ፣ ሁለት ሰው ግን በአንድ ማይክ ፊት ቢቆም የሚከለክል ሕግ እንደሌለ አስታወቀች። ይርጉ ተመልሰው መጡ፤ መጥተውም በወዳጅ ደቂቃ ላይ መናገር አሳፈራቸው። ይርጉ በሞቴ እርስዎ ይቅደሙ ሲሉ፣ ሐጂ ወላሂ አልቀድምም ሲሉ፣ አንዱ ማይኩን ሲገፋ ሌላው ሲመልስ፣ በር ላይ እንደተገናኙ ሽማግሌዎች ሲገባበዙ አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫውም ቀይ ሆነ። ኖላዊት እየተከባበሩ ነው ብላ ለሸንጎው በእንግሊዝኛ አስረዳች፤ ፊቷም እንደ መብራቱ ቀላ።

ከዚያ የአማረ ተራ ደረሰ፤ አማረ ግን አዋጁን ጥሶ ስትሪት ላይ ፓርክ አድርጎ ነበርና መኪናውን ሊያተርፍ ወጥቷል፤ ተራውም በከንቱ ባከነ። የቀረችው የወይዘሮ ማንአልሞሽ ተራ ብቻ ነበረች። እሳቸውም ማይኩን ጨብጠው «ሁላችሁም ዝም! ሐጂ፣ ይቀመጡ! ይርጉ፣ ሰላምታ የለም፣ ምርቃት የለም፣ ገንዳው!» ብለው አወጁ፤ በዚያ አዳራሽ ከዚህ ያጠረ አዋጅ ተነግሮ አያውቅም።

ይርጉ ያጠኑትን ንግግር ፈለጉት፤ አጡት። ዞር ብለው ልጃቸውን አዩና ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ቤቱን እንፈልገዋለን፤ እኔም ተመዝግቤአለሁ። ገንዳውን ግን ከልጆቹ ግንድ አጠገብ አንሡልን፤ ወደ መንገዱ በኩል ይሂድ። ይህች ልጄ ናት። ቤት ውስጥ አታናግረኝም። እዚያ ጭቃው ላይ ግን ታናግረኛለች። ሌላ ቦታ የለኝም።»

ኖላዊት የቤቱን ተረጎመች፤ የገንዳውንም ተረጎመች፤ ከዚያ ቆመች። አዳራሹ ጠበቀ፤ ቢጫውም በራ። እንደ ልማዷ በሁለት ቃል ልታልፈው ትችል ነበር፤ አላለፈችውም። ቤት ውስጥ አታናግረኝም ይላል አለች፤ «እውነቱን ነው» የሚልም ከራሷ ጨመረችበት፤ ከዚያ የቀረውን አንዲት ቃል ሳታስቀር እስከ መጨረሻው ተረጎመች። ቀዩ በርቶ ነበር፤ ሊቀ መንበሯ ግን አላስቆመቻትም።

ሸንጎውም መከረ። አይሠራ የሚሉት ሁሉንም ነገር፣ ይሠራ የሚሉትም ሁሉንም ነገር ጠይቀው ነበርና፣ በላጲስ ሊፈጸም የሚችል ነገር የጠየቁ ይርጉ ብቻ ሆኑ። ስለዚህ ሊቀ መንበሯ አወጀች፦ «ሕንጻው ይሠራ፤ የገንዳው ቦታ ግን ከረግረጉ ጥግ ተነሥቶ በመንገዱ በኩል ይሁን፤ ግንዱም ባለበት ይቆይ።» ወይዘሮ ማንአልሞሽ እልልታቸውን ለቀቁት፤ የአዳራሹ ጠባቂም ደንግጦ ከወንበሩ ተነሣ። ወይዘሮ ወይንሸት ለወዳጅም ለባላጋራም ዳቦ አደሉ። ይርጉም ሰላምታ ሳይደርሰው የቀረውን የዳሩን ሸንጎኛ ፈልገው አግኝተው፣ ልጆቹ ደኅና መሆናቸውን አጣርተው ወጡ።

በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ሕንጻው ተፈጸመ፤ የወይዘሮ ወይንሸትም ጸሎት ተሰማ፤ ባለ ሦስት መኝታው ደረሳቸው። ቁልፉን ተቀብለው፣ በሩን ከፍተው፣ የሳሎኑን መጋረጃ ቢገልጡ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በመንገዱ በኩል፣ ያ ራሳቸው ያስነሡት ገንዳ በግርማ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ረግረጉ ከሕንጻው ጀርባ ነው፤ ከዚያ መስኮት አይታይም። ወይዘሮ ወይንሸትም አወጁ፦ «እሰይ! ማይክ ይዘህ የለመንከው ይኸውልህ! ከእንግዲህ ይህን መስኮት የከፈተ ከእኔ ጋር አይተዋወቅ!» አዋጁ እንደጸና ነው፤ የቆሻሻ መኪናውም ጎህ ሲቀድ እየመጣ ነጋሪቱን ይጎስማል።

ኖላዊት ቁመቷ ከእናቷ አልፏል። በቤት ውስጥ ንግግሯ እንደ ቀድሞው ቁጥብ ነው፤ በሯም ይዘጋል። ነገር ግን ቅዳሜ ሲሆን ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት ከስልኳ ታይና፣ በአንድ እጇ የራሷን ቦት፣ በሌላው የአባቷን ይዛ፣ ከሳሎኑ መካከል ቆማ ታውጃለች፦ «አባዬ፣ ባሕሩ ሄዷል። ሌትስ ጎ!»

ክብር ለሊቀ ሻትል ይርጉ ዘሲታክ! ለሸርጣን ስም አውጪ፣ ለቀይ መብራት ታዛዥ፣ በሁለት እግር ሁለት ዛፍ ለወጡት! ከእሳቸው በፊት የነበሩ ኃያላን ድል የነሡትን ጠላት ወደ ሩቅ አገር ሰደዱት፤ እሳቸው ግን ከልጆች ደጃፍ ነቅለው በገዛ መስኮታቸው ሥር አሰፈሩት፤ በየማለዳውም ሽታውን እየቻሉ፣ መስኮቱን ዘግተው ቅዳሜን ይጠብቃሉ፤ ቅዳሜም ቀርታባቸው አታውቅም።