መታመምና «ታመሻል» መባል

ቦሌ ሰፈራችን ሰው መጠየቅ ያውቅበታል። እንዲያውም አንዳንዴ ታማሚው መታመሙን ሳይሰማ ጠያቂው ብርቱካኑን ይዞ ደጃፍ ይደርሳል። ይህን ፍቅር አልነቅፍም፤ ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፦ በሽተኛው በሽተኛ ባይሆንስ?

የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ልጅ ሰናይት ወደ አንዱ ሶሻሊስት አገር ሄዳ እንድትማር ተመርጣ ነበር። ተጓዥ ሁሉ ደሙን ይመረመራልና እሷም ተመረመረች። «የጉበት በሽታ አለባት» ተባለ። ከጉዞው ልትሰረዝ ነው! በማግስቱ ቤቱ በጠያቂ ሞላ። ትናንት ከእኛ ጋር ስትስቅ የነበረች ልጅ ጋቢ ተከናንባ ተጋደመች። ሰው እንዲያ ከንፈሩን እየመጠጠላችሁ እናንተስ ብትሆኑ ቆማችሁ ትውላላችሁ?

እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ስለ ዕድል ስሌት አንብቤ፣ የማስረዳው ሰው አጥቼ ልፈነዳ ደርሼ ነበር። መቶ ባቄላ ቆጥሬ እትዬ ዘነበች ፊት ዘረገፍኩ። አንዷን ከሰል ቀባኋት።

«ከመቶ ሰው ታማሚው ይህ አንዱ ነው እንበል። ምርመራው እሱን አይስተውም። ግን ከጤነኞቹም ከአስር አንዱን በስህተት ‹ታመሃል› ይላል እንበል። አስር ያህል ጤነኛ አብሮት ተያዘ ማለት ነው።» አስራ አንዱን ለየሁ። «‹አለባችሁ› የተባሉት እነዚህ ናቸው። የታመመው ስንት ነው?»

«አንድ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ዓይኗ ቢጫ ሆኖ የተመረመረች ብትሆንስ?»

«ያኔማ መቶውም ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሰዎች ናቸው፤ ከሰል የምንቀባው ብዙ ነው።»

«የኔ ልጅ ግን ምንም ሳይሰማት፣ ለመንገድ ብላ ነው የሄደችው!»

ይህችን ነጥብ ለመረዳት እኔ ስንት ቀን ራሴን ሳክክ ከርሜያለሁ፤ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ሳይጨርሱ ደረሱባት። ወይ አእምሮ! ጠያቂውን በተቀመጠበት ትተው፣ ሰናይትን ከነጋቢዋ አስነስተው ወደ ተመረመረችበት ክሊኒክ ገሰገሱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«ጓድ ሐኪም፣ በሌላ ምርመራ ድገሙላት። እስክትደግሙላት ከዚህ ንቅንቅ አልልም!» በዚያ ዘመን «ጓድ» ሲባል ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ትዕዛዝም ልመናም ሆኖ ግን አልሰማሁም።

ተደገመላት። የለባትም።

ሰፈሩ እልል አለ። የመጀመሪያውን ውጤት ስትሰማ ደረቷን ከመምታት በቀር አንድ ጥያቄ ያልጠየቀች ጎረቤት ግን ወደ እኔ ዞራ፣ «ቆይ አንተ፣ ምርመራ ይሳሳታል አላልክም እንዴ? ይሄኛውስ ተሳስቶ ቢሆን?» አለችኝ።

ማስረዳት ነዋ! በደስታ አፌን ስከፍት እትዬ ዘነበች ቀደሙኝ።

«ክፉውን ሳታጣሪ አምነሽ፣ ደጉ ላይ መርማሪ ሆንሽ? ይልቅ ነይ፣ እዚች የሰናይት ሻንጣ ላይ ተቀመጪባት፤ አልዘጋ ብላኛለች።»