ጠበቃው ሠልጣኝ ሲባል

(የአንድ ዩኒቨርሲቲ ስብሰባ አዳራሽ በር ላይ፤ ጠዋት። የዩኒቨርሲቲው ቦርድ አባላት የግዴታ ሥልጠና ሊጀመር ነው። ጠበቃው ቦርዱ ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጧል። የእህቱ ባል ዶሮ አርቢው ግን ሰፈሩን ወክሎ ገና መግባቱ ነው። ጠበቃው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ በሁለት ጣቱ ይዞ ይቆጣል።)

ጠበቃው፦ አላጠልቅም አልኩ አላጠልቅም! "ሠልጣኝ" ብሎ ጽፎ አንገቴ ላይ? እኔን?

ዶሮ አርቢው፦ ምን አለበት ጋሼ? የእኔም እኮ እንደዚያው ነው የሚለው።

ጠበቃው፦ ያንተማ ልክ ነው!

ዶሮ አርቢው፦ "ያልሠለጠነ" ከሚል አይሻልም?

ጠበቃው፦ ስማ፤ እኔ እዚህ ቦርድ ስገባ ያቺ አሠልጣኝ ጡት አልጣለችም። ዛሬ ቆማ እኔን ልታስተምር!

ዶሮ አርቢው፦ ካላጠለቁ እኮ በረኛው አያስገባም። ሥልጠናውን ያልጨረሰ፣ ፈተናውንም ያላለፈ ደግሞ ነገ ስብሰባው ላይ ድምፅ የለውም ተብሏል።

ጠበቃው፦ (ባጁን በንዴት ያጠልቅና ከረባቱን ከላዩ ላይ ያለብሰዋል) ና ግባ! ከኋላ ነው የምንቀመጠው። ትልቅ ሰው ከኋላ ነው።

(የመጨረሻው መስመር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።)

ዶሮ አርቢው፦ ጋሼ፣ ነገማ ድምፄን በጣም እፈልገዋለሁ። ሰፈሩ የላከኝ ለሌላ አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ በጓሮ በኩል ያለውን በር ለእኛም ይክፈትልን ነው። ባለፈው የጎረቤቴ ልጅ ትንፋሽ አጥሮት፣ ያንን የተቆለፈ በር እያየን ታክሲ ፍለጋ ይዘነው ሮጥን። በስንት መከራ ተረፈ።

ጠበቃው፦ እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሃል? እኔ እጄን ካወጣሁ ሁሉም ያወጣል።

ዶሮ አርቢው፦ "ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት" እንዳይሆንብኝ ነው።

ጠበቃው፦ በቃ፣ ከዶሮ ሌላ ተረት አታውቅም?

ዶሮ አርቢው፦ የባሰው ደግሞ ፈተናው ነው። እኔ ፈተና ከተቀመጥኩ ስንት ዘመኔ! ቤትም ቢሆን "ቦርድ ገባሁ" ስላት ሚስቴ "ምንህን አሞህ ነው?" ብላ አለቀሰች።

ጠበቃው፦ ያ የሐኪም ቦርድ ነው! ወይ እህቴ፣ ካንተ ጋር ኖራ ኖራ እሷም ጠፋች በቃ።

(ሥልጠናው ተጀምሯል። ከፊት የአሠልጣኟ ድምፅ ይሰማል። ጠበቃው ክንዱን አጣምሮ ዓይኑን ጨፍኗል።)

ዶሮ አርቢው፦ (በሹክሹክታ) ጋሼ፣ የጥቅም ግጭት ምንድን ነው?

ጠበቃው፦ እም... ሁለት ጥቅሞች ሲጋጩ ነዋ።

ዶሮ አርቢው፦ ትራፊክ ይጠራል?

ጠበቃው፦ አርፈህ ተቀመጥ።

ዶሮ አርቢው፦ ድምፀ ተአቅቦስ? ጉሮሮውን የታመመ አባል ነው?

ጠበቃው፦ እንቅልፌን... ሐሳቤን አታቋርጠኝ! እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማዳምጠው።

ዶሮ አርቢው፦ ሲያንኮራፉስ?

ጠበቃው፦ በነገሩ ተስማማሁ ማለት ነው።

(ጥቂት ቆይቶ የፈተና ወረቀት ይታደላል። ዶሮ አርቢው ግንባሩን በመዳፉ ይጠርጋል።)

ዶሮ አርቢው፦ አለቀልኝ ጋሼ! ላብ በላብ ሆንኩ። የተማርኩትም ብን ብሎ ጠፋ።

ጠበቃው፦ ወንድ አይደለህ እንዴ? እውነት ወይም ሐሰት በል ነው የሚለው፤ የልጅ ጨዋታ። እኔ ቀስ ብዬ መልሱን እነግርሃለሁ፣ አንተ ዝም ብለህ ገልብጥ።

ዶሮ አርቢው፦ ልገልብጠው?

ጠበቃው፦ ገልብጥ!

ዶሮ አርቢው፦ ሁሉንም?

ጠበቃው፦ አንድም ሳታስቀር! ለምን እንዴት እያልክ ጭንቅላትህን አታድክመው።

ዶሮ አርቢው፦ እሺ፤ እርስዎ ካሉ።

ጠበቃው፦ አንደኛው፦ "የቦርድ አባል የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኛ በቀጥታ ማዘዝ ይችላል።" እውነት! ካላዘዝን ቦርድ ምን ይሠራል? እኔ ራሴ ቤተ መጻሕፍቱ ደውዬ መጋረጃ አስቀይሬያለሁ።

ዶሮ አርቢው፦ እውነት አሉ... (ትንሽ ያስብና ይጽፋል) እሺ።

ጠበቃው፦ ቀጥል፦ "ዘመዱ ለቅጥር የቀረበበት አባል ይህንኑ አሳውቆ ከአዳራሽ ይወጣል።" ሐሰት! እሱ ከወጣ ለዘመዱ ማን ሊናገርለት ነው?

ዶሮ አርቢው፦ ሐሰት ነው ያሉኝ?

ጠበቃው፦ ሐሰት! ጆሮህ ላይ ላባ አለ?

ዶሮ አርቢው፦ (ይጽፋል) ገብቶኛል፣ ገብቶኛል።

ጠበቃው፦ "በዝግ ስብሰባ የተባለውን ለትዳር ጓደኛ መንገር ይፈቀዳል።" እውነት! ሚስቴ ወሬውን ካልሰማች ራት የት አገኛለሁ? "አባል አጀንዳውን አንብቦ መምጣት አለበት።" ሐሰት! ሁሉም አንብቦ ከመጣ ስብሰባ ለምን ይጠራል? ጨርስና ስጥ፤ ምሳ ሰዓት ደርሷል።

(ከምሳ በኋላ። ውጤቱ አዳራሹ በር ላይ ተለጥፎ ሰው ይጋፋል። ዶሮ አርቢው በሰው መሀል ሹልክ ብሎ አይቶ ይመለሳል፤ ፊቱን ምን እንደሚያደርገው ጨንቆታል።)

ጠበቃው፦ አይዞህ፣ መውደቅ ያለ ነው። እኔ አሠልጣኟን አነጋግሬልህ...

ዶሮ አርቢው፦ እኔስ አልፌያለሁ ጋሼ።

ጠበቃው፦ ጎሽ! ስንት አገኘህ?

ዶሮ አርቢው፦ ሁሉንም።

ጠበቃው፦ እንግዲያው እኔም ሁሉንም ነው!

ዶሮ አርቢው፦ አዎ፣ እርስዎም ሁሉንም ነው።

ጠበቃው፦ ይኸው! አላልኩህም?

ዶሮ አርቢው፦ ሁሉንም ስተዋል።

ጠበቃው፦ (ከረባቱን እየፈታ) ምን? ይግባኝ! ይግባኝ እላለሁ! ለአንድ መልስ ሁለት ፍርድ የት አገር አለ? ከእኔ ገልብጠህ አንተ አልፈህ እኔ እንዴት እወድቃለሁ?

ዶሮ አርቢው፦ እንዳዘዙኝ ገለበጥኩታ! እውነት ሲሉኝ ሐሰት፣ ሐሰት ሲሉኝ እውነት። አንድም አላስቀረሁም።

ጠበቃው፦ አንተ ሰው! ገልብጥ ማለት እኮ... ኮርጅ ማለት ነው!

ዶሮ አርቢው፦ ምነው ጋሼ! የሕግ ሰው ኮርጅ ይላል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? እኔማ ስጽፍ ስጽፍ አሠልጣኟ ጠዋት ያለችው ትዝ እያለኝ መጣ፤ ሲገለበጥ ልክ እሷ እንዳለችው ይሆናል። "ሌላ ሰው እንዳይሰርቅብን በምስጢር ነው የሚነግሩኝ፣ ወይ ብልሃት!" እያልኩ ስደነቅብዎት ነበር።

ጠበቃው፦ (ደረጃው ላይ ዘፍ ብሎ ይቀመጣል) ነገ ስብሰባ ላይ እጄን ማውጣት ላልችል ነው። ምን ብዬ ነው ሰው ፊት የምቆመው?

ዶሮ አርቢው፦ (አጠገቡ ይቀመጣል) አይዘኑ። ለወደቀ ሰው ዛሬውኑ ድጋሚ ፈተና አለ ብላለች አሠልጣኟ። ይለፉልኝ እንጂ! ለክሊኒኩ በር የእርስዎ እጅ ያስፈልገናል።

ጠበቃው፦ (ግራ ቀኙን ያይና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል) ወንድሜ፣ እንግዲያው መልሶችህን አሁን ንገረኝ። እኔ እገለብጣለሁ።

ዶሮ አርቢው፦ ኧረ ተዉ ጋሼ! የእኔን ከገለበጡማ ተመልሰው የራስዎ ላይ ነው የሚወድቁት!