የተስማሙ ምስክሮች

ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ሲስማማ እናንተ ደስ ይላችኋል? እኔ እፈራለሁ። እዚህ ሰቆጣ ሁላችንም የተስማማነው አንድ ቀን «ዘንድሮስ ዝናቡ ሸጋ ነው» ብለን ነው፤ በማግስቱ ጠፋ።

ጎረቤቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ነው። መጽሐፍ ከያዘ ሽሮው ሲያርር አይሸተውም። ስለ «ዘላለማዊ ፍልስፍና» የነገረኝ እሱ ነው። ሃይማኖቶች ላይ ላዩን ቢለያዩም ሥር መሠረታቸው አንድ ነው የሚሉ አሳቢዎች አሉ አለኝ። ሕንድ ያለ መናኝና ግብፅ ያለ መናኝ ሳይተዋወቁ አንድ ቃል ከተናገሩ፣ ያ ቃል እውነት ነው አለ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። እውነት ቸግሮኝ ነበራ!

ታናሽ ወንድሜ ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም። መርዶ የለ፣ ደብዳቤ የለ። እናቴ «ተዝካሩ ይውጣ» ስትባል ትቆጣለች። ለሠርጉ ያስቀመጠችውን ገብስ ነቀዝ ጨረሰው፤ እሷ ግን አታስነካም። «አለ ወይስ የለም?» ትለኛለች በየቀኑ። ምን ልበላት?

በመምህሩ ብልሃት ሄድኩ። የንስሐ አባታችንን ጠየቅሁ፤ «ታገሡ፣ ለበጎ ነው» አሉኝ። ጨርቅ የሚሸጡትን ሐጂ ጠየቅሁ፤ ታገሡ፣ ለበጎ ነው። ጤና ጣቢያ ያለችውን ጴንጤ ነርስ ጠየቅሁ፤ እሷም ያው፣ ጸሎት ጨመረችበት እንጂ። ሦስት ሃይማኖት፣ አንድ ቃል! መምህሩ ሊዘል ምንም አልቀረው።

ነገሩን ለአያ ወልዴ አወራሁት። በወሰንና በከብት ጠብ ሲሸመግሉ ያረጁ ሰው ናቸው። ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ሦስት ምስክር ቃል በቃል ከተስማማ እኔ ሦስቱንም አባርራለሁ» አሉ። «ያየ ሰው ይለያያል። አንዱ በሬው ዳለቻ ነው ይላል፣ አንዱ ቡሬ ነው ይላል። የተስማሙቱ ያላዩት፣ ሰው አስጠንቶ የላካቸው ናቸው።»

«ታዲያ ምን ይበጀኛል? እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ያየ ፈልግ።»

አይ ሽማግሌ! ሰው ምክር ይሰጣል እንጂ አብሮ አይሄድም። ከወንድሜ ጋር የዘመተ ሰው አለ ሲሉኝ ጋዝጊብላ ድረስ በእግሬ ወረድኩ። የገበያ ቀን ነበር። ያን ጎልማሳ ፍየል ሲሸጥ አገኘሁት። መልካችን ይመሳሰላል መሰለኝ፣ ገና ሲያየኝ የፍየሏን ገመድ ለቀቀ።

ወንድሜን በገዛ እጁ እንደቀበረው ነገረኝ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። የወንድሜን ጫማ አውልቆ እንደቀበረው፣ ጫማውንም እስኪያልቅ ራሱ እንዳደረገው ነገረኝ። እንዲህ ያለውን ነገር አስጠንቶ የሚልክ የለም። አመንኩት። ምነው ባላመንኩት! ሽቅብ ስመለስ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍረኛል?

እናቴ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አገኘኸው? ምን አለህ?»

ለመርዶ የሚሆነውን ቃል መንገዱን ሙሉ ሳጠና ነበር የመጣሁት። ዓይኗን ሳየው ጠፋኝ።

«ታገሺ እማዬ» አልኳት። «ለበጎ ነው።»

ያን ጊዜ ሐጂው ትዝ አሉኝ፤ ሁለት ልጅ ቀብረዋል። ነርሷ ስንቱን አልጋ ላይ ሸኝታለች። የንስሐ አባቴማ ስንቱን ሬሳ ፈትተዋል! ያላዩ መስለውኝ ነበር። ለካ አይተው ኖሯል። ማንም አላስጠናቸውም፤ እኔንም ማንም አላስጠናኝም።

መምህሩ ልክ ነው፤ አራታችንም ሳንማከር አንድ ቃል ተናገርን። እውነቱን ግን አንዳችንም አልተናገርንም።