እትዬ በዛወርቅ ክዳን ሲያነሱ

መብራት የሌለው ሰፈር አለ። ውኃ ከሳምንት አንድ ቀን የሚመጣበት ሰፈርም ሞልቷል። የሰው ድስት ክዳን የምታነሳ ሴት የሌለችበት ሰፈር ግን ከሺሺንዳ እስከ ዋጫ ቢታሰስ አይገኝም። ተገኘ ቢባል እንኳ ሴትዮዋ ለቅሶ ሄዳ ነው፤ ማታ ትመለሳለች። እንዲህ ያለችው ሴት በር አታንኳኳም። «ቤቶች» ትላለች፣ «ይግቡ» እስኪባል ግን አትጠብቅም፤ ይግቡ ሲባል እሷ ጓዳ ደርሳለች። ደህና አደራችሁ ሳትል፣ ልጁን ሳትስም፣ እጇ ክዳኑ ላይ ነው።

ወንጌላዊት በተዳረችበት የቦንጋ ሰፈር ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ በዛወርቅ ነበሩ። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፤ የሚያወርዳቸውም አልተገኘም። ከደሴ ባላቸውን ተከትለው ቦንጋ ከገቡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ድስታቸው ግን ገና ደሴ ነው ያለው። «እኛ ቤት እንዲህ አይደለም» ሲሉ የሚሰማ ሰው ቤታቸው ከአጥሩ ወዲያ ማዶ መሆኑን ይረሳዋል።

እትዬ በዛወርቅ አይቀምሱም። መቅመስ የተራ ሰው ሥራ ነው። ክዳኑን ብድግ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው አፍንጫቸውን እንፋሎቱ ላይ ያዘነብላሉ። «ጥሩ ነው» ይላሉ። ወንጌላዊት ልጇን አዝላ፣ ማማሰያ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ ትጠብቃለች። እሳቸው ክዳኑን መልሰው እስኪገጥሙ የሚቸኩሉበት ጉዳይ የለም።

«ግን…»

ከዚህች «ግን» በኋላ የሚመጣው እንደ ቀኑ ነው። ሽንኩርቱ አልበሰለም፤ ወይም በዝቶ በስሏል። ቅቤው የጎረቤት ይመስላል። አንድ ቀንማ «ግን ውኃው የማለዳ ውኃ አይደለም» ብለው ሄዱ። ወንጌላዊት ሦስት ቀን ሙሉ ስትናደድ ሰነበተች። የአሥረኛ ክፍል ፈተና እንኳ እንደዚህ አላንገበገባትም።

ሌላው ወጥ ይሁን ይባል። የቋሊማ ነገር ሲነሳ ግን እትዬ በዛወርቅ ሰው አይሰሙም። ሕጋቸው አንዲት ናት፦ «ፀሐይ ያላየው ቋሊማ ቋሊማ አይደለም።» ይህን የሚሉት ያጠቡት የሕፃን ልብስ ሳምንት ቆይቶ በማይደርቅበት በቦንጋ ነው። በየዓመቱ ለፋሲካ ቋሊማቸውን ሞልተው ግቢያቸው ውስጥ ሽቦ ላይ ይሰቅላሉ። በየዓመቱ ዝናቡ ይመጣል፤ ቋሊማው እንደ ዛፍ ሽበት አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል። እትዬ በዛወርቅ ቀረብ ብለው ያሸቱና «በሬው ነው» ይላሉ። በየዓመቱ ጥፋተኛው በሬው ነበር። አንድ ጊዜ ቀይ፣ አንድ ጊዜ ጥቁር፣ አንድ ጊዜ ከዋጫ በእግሩ የመጣና የደከመው በሬ።

የራሳቸው ሻጋታ አፋቸውን አልያዘውም። ሱቅ ያላት ሀኪማ ከኋላ ጓዳዋ ቋሊማ ስትጠብስ እትዬ በዛወርቅ ጨው ሊገዙ ገብተው ኖሯል። የእስላም ሥጋ እንደማይበሉ ሀገር ያውቃል። ቆም አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጥሩ ነው። ግን ቀረፋው በዝቷል።»

«እትዬ፣ የማይበሉትን ሥጋ ምን ያስገመግምዎታል?» አለች ሀኪማ።

«አልቀመስኩም፤ አሸተትኩ እንጂ። ማሽተት አያስገድፍም።»

ሀኪማ ሳቀች። ወንጌላዊትም ብትስቅ በወደደች፤ የሚያበሽቀው ነገር ግን በሳምንቱ ሀኪማ ቀረፋውን መቀነሷ ነው። «ለካ እውነታቸውን ነው» ብላ ለወንጌላዊት ነገረቻት፣ ያውም ደስ ብሏት። ሰው ሁልጊዜ ቢሳሳት ይቻላል። አልፎ አልፎ ትክክል የሚሆነውን ሰው ነው መቻል የሚያቅተው።

የወንጌላዊት ባል አብዮት የግብርና ባለሙያ ነው። አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ሶሴጅ የሚሉትን የፋብሪካ ቋሊማ በበረዶ ጠቅልሎ አመጣ። አውቶቡሱ ቦንጋ ሲደርስ በረዶው ውኃ ሆኗል፤ ሶሴጁም ስለ ራሱ የሚናገረው ብዙ ነገር አግኝቷል። ጫማውን ሳያወልቅ እትዬ በዛወርቅ ደረሱ። አንዱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

«አንጀቱ የምን ከብት ነው?»

«የከብት አይደለም እትዬ፣ ፋብሪካ ነው የሠራው።»

«ፋብሪካ አንጀት አለው?»

አብዮት ሌላውን አንስቶ አገላብጦ አየው። ዲግሪ ያለው ሰው ነው።

ያኔ ኢሕአዴግ የሰፈሩን ሴት ሁሉ አንድ ለአምስት ያደራጀበት ጊዜ ነበር። የእነ ወንጌላዊት ቡድን መሪ ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም። ስብሰባው የተጠራው ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ክትባት ነው። እትዬ በዛወርቅ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱና ወደ ድስት ይገባሉ። እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ነው ወንጌላዊት በሰው ፊት የተገመገመችው። «የወንጌላዊት ጠንካራ ጎን ትጋቷ ነው» አሉ። «ክፍተቷ ጭስ ነው። ቋሊማን የሚያጨስ ሰው አይቼ አላውቅም። ጭስ ለንብ ቀፎ ነው። እስቲ ግለ ሂስ ታድርግ።» ወንጌላዊት ልጇን ጡት እያጠባች ነበርና ግለ ሂስ አላደረገችም። ያደረገችውን ሂስ በሆዷ ነው ያደረገችው፤ እሱ ደግሞ አይጻፍም።

ጭሱ የመጣው ከችግር ነው። ቦንጋ ላይ መብራት ሲሄድ ተሰናብቶ አይሄድም፤ ፍሪጅ ያለውም ሰው ፍሪጁን ቁም ሳጥን አድርጎታል። ወንጌላዊት አስባ አስባ፣ እናቷ ማንኪራ ገጠር በቆሎና በርበሬ እንደሚያቆዩት፣ ከራሷ ምድጃ በላይ ካለው ቆጥ ላይ ቋሊማዋን ሰቀለች። ከጫካ የተለቀመ ኮረሪማና ጥምዝ የሚባል ቅመም አገባችበት። ጭሱ ቀን ከሌት ነካው፤ ጠቆረ፣ ጠነከረ፣ በሳምንቱ ስትጠብሰው አብዮት ሳይናገር በላ። በቆጮ አቀረበችው። ባሏ ከጎጃም የመጣና ቆጮ ለመልመድ ሁለት ዓመት የፈጀበት ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ሰሃኑን ጠረገው።

ያን ጊዜ ነው ተስፋ የያዛት። የመንግሥት ሠራተኞች ክበብ ወጥ ቤቱን የምትይዝ ሴት ይፈልግ ነበር። ከየክልሉ ተመድበው የመጡ ባለሙያዎችና አስተማሪዎች ማታ ማታ የሚበሉት አጥተው በዳቦና በሻይ ያድራሉ። በሬ የሚታረደው ቅዳሜና እሁድ ነው፤ የእሷ ቋሊማ ካለ ግን የማክሰኞ እራትም የቅዳሜ እራት ይሆናል። ሥራውን ካገኘች ልጇን አዝላ የምትሠራበት የራሷ ምድጃ ይኖራታል። የክበቡ ኮሚቴ ቅዳሜ ማታ ቤቷ መጥቶ እራት ሊቀምስ ተቀጠረ። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም የለም። ሁሉ ነገር ተስተካክሏል።

ሐሙስ ጠዋት ልጇን ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰደች። ስትመለስ ቆጡ ባዶ ነው።

ግቢ ወጣች። የልብስ ማስጫ ሽቦዋ ላይ ክር ተንጠልጥሏል፤ ክር ብቻ። ከሥሩ ጭቃው ላይ ጭልፊት የጣለው ትራፊ አለ። የቀረውን ዝናቡ አጥቦ እንደ እርጥብ ገመድ አድርጎታል፣ የጎረቤት ውሻም እየጎተተው ነው። እትዬ በዛወርቅ በነጠላቸው ተከናንበው ውሻውን በጫማ ያባርራሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር፦ «ቤቶች» ብለው ገቡ፣ ሰው የለም፤ ቀና ቢሉ ቋሊማው ጭስ ውስጥ። ጧቱን ደግሞ ፀሐይ ወጥታለች። «ይቺ ልጅ በኮሚቴ ፊት ልትዋረድ ነው» ብለው፣ ለእሷው አዝነው፣ አውርደው ፀሐይ ላይ ሰቀሉት። ወንበር ይዘው ሲጠብቁ ቀበሌ ለስብሰባ ጠራቸው። ፀሐይዋም እሳቸውን ተከትላ ሄደች።

ወንጌላዊት ልጇን ከጀርባዋ አላወረደችም። ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«እትዬ በዛወርቅ፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳይገቡ። ክዳኔን አይንኩ፤ ጥላዬንም አይንኩ።»

እትዬ በዛወርቅ አፋቸውን ከፈቱ። በአጥር የሚያየው ሰፈር የጠበቀው «ግን» ነበር። አልመጣም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጫማቸውን አንስተው ወጡ።

ወንጌላዊት ከሰዓቱን በሙሉ ስታለቅስና ልጇን ስታባብል ዋለች። ሊመሻሽ ሲል «ቤቶች» የሚል ድምፅ ሰማች። መልስ አልሰጠችም፤ ለነገሩ አልተጠበቀችም። እትዬ በዛወርቅ በትልቅ ሳፋ ሥጋ ይዘው ገቡ፤ በላዩ በሎሚና በጨው ታጥቦ የነጣ አንጀት ተጠቅልሏል። ሰርግ ደግሶ በሬ የጣለ ቤት እንደነበር ሰምታለች፤ ምን ብለው ከሙሽራ ቤት አንጀት እንደለመኑ ግን እስከ ዛሬ አልተናገሩም። ይቅርታ አላሉም። «ሽንኩርቱ የታል?» አሉ።

ወንጌላዊት አላናገረቻቸውም። የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጣ አንጀቱ አፍ ላይ ሰካችና ያዘች፤ እሳቸው ሞሉ። እየሞሉም ትችታቸውን አላቆሙም፤ ጥምዙ በዛ፣ ሥጋው ደቀቀ፣ አያያዝሽ የልጅ ነው። አርብ ጠዋት ስትነሳ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው እርጥብ እንጨት ሲያስገቡ አገኘቻቸው። ጭስ ለንብ ቀፎ ነው ያሉት ሴት ዓይናቸው በርበሬ መስሏል፤ ነጠላቸው፣ ጸጉራቸው፣ አፍንጫቸው ሁሉ ጭስ ነው። ወንጌላዊት ቁርስ አስቀመጠችላቸው። አንጀት መልሶ ማምጣት ይቻላል፤ የጠፋው ቋሊማ ሦስት ሳምንት የጠጣውን ጭስ ግን በሁለት ቀን ከየት ያመጡታል?

ቅዳሜ ማታ ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ዙፋን የዞኑ ፋይናንስ ባለሙያ ናት፤ ከአዳማ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እትዬ በዛወርቅ ሳይጠሩ መጥተው በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ወንጌላዊት ቋሊማውን ከቆጮው ጋር አቀረበች። ዙፋን ጎረሰች፣ አላመጠች።

«ጥሩ ነው» አለች። «ግን… ጭስ ጭስ ይላል።»

ከበሩ በኩል ዱካው ተንቋቋ።

«የኔ እመቤት፣ ቦንጋ ከመጣሽ ስንት ዓመትሽ ነው?» አሉ እትዬ በዛወርቅ።

«ሁለት።»

«እኔ ሠላሳ። ሠላሳ ዓመት ፀሐይ ላይ ሰቅዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሻግቶብኝ፣ ሠላሳ ዓመት በሬ ስወቅስ ኖሬያለሁ። ማክሰኞ ማታ መብራት ጠፍቶ ከቢሮ በረሃብ ስትወጪ የሚያጠግብሽ ይኸው ጭስ ነው። ጨርሺና ተናገሪ።»

ዙፋን ጨረሰች። ከዚያ ደገመች። ሌሎቹም ደገሙ። ወጥ ቤቱ ለወንጌላዊት ተሰጠ።

ታዲያ ንዴቷ የበረደላት የሚመስለው ሰው እትዬ በዛወርቅን አያውቅም። እሁድ ጠዋት «ቤቶች» አሉ፤ ክዳኑ ተነሳ። «ጥሩ ነው። ግን ለእንግዳ የተናገርኩትን ለአንቺ የተናገርኩ እንዳይመስልሽ። ጭሱ በዝቷል።» ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ምሳ ከመድረሱ በፊት ክበቡ ወጥ ቤት ይገባሉ፣ ክዳን ያነሳሉ፣ «ግን» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ወንጌላዊት በየቀኑ ትበሽቃለች። በየቀኑ ደግሞ እሳቸው ከሄዱ በኋላ፣ ማንም ሳያያት፣ ጨው ጨመር ወይም እሳት ቀነስ ታደርጋለች።

ክረምቱ ሲጠነክር አንድ ቀን መጡ። ክዳኑን አነሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አፍንጫቸውን አዘነበሉ።

«ጥሩ ነው» አሉ።

ወንጌላዊት ማማሰያዋን ይዛ ጠበቀች። እትዬ በዛወርቅ ክዳኑን ገጠሙ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ወጡ።

ጥሩ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ወጡን ቀመሰችው፤ ደህና ነው። እንደገና ቀመሰችው። ተመጋቢዎቹ በሉ፣ አመሰገኑ፤ አላመነቻቸውም። አንድ አስተማሪ «ዛሬስ እጅሽ ይባረክ» ሲላት በቁጣ አየችው። ምን ያውቃል እሱ? ከሰዓት በኋላ ንዴቷ እየጨመረ ሄደ። ሰው እንዴት «ጥሩ ነው» ብሎ ጥሎ ይሄዳል? ሊመሻሽ ሲል አላስቻላትም፤ ልጇን አዝላ፣ ላስቲክ ተከናንባ፣ በዝናቡ መሐል አጥሩን ዞረች።

«ቤቶች» አለች። መልስ አልጠበቀችም።

እትዬ በዛወርቅ በጋቢ ተጠቅልለው አልጋቸው ላይ ተኝተዋል። አፍንጫቸው ቀልቷል፤ ጉንፋን ይዟቸዋል። ከትናንት ጀምሮ ምንም አይሸታቸውም፤ ለማንም ግን አልተናገሩም። ሹመኛ ሥልጣኑ እንደተነጠቀ ራሱ አያውጅም። ወንጌላዊትን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንደዚያ ትንሽ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

ምድጃው ላይ አንዲት ትንሽ ድስት ተጥዳለች። ወንጌላዊት ሄደችና ክዳኑን ብድግ አደረገችው። ዓይኗን ጨፍና አፍንጫዋን አዘነበለች።

«ጥሩ ነው» አለች። «ግን…»

ጋቢው ተነቃነቀ። እትዬ በዛወርቅ በክርናቸው ተደግፈው ብድግ አሉ፤ ዓይናቸው በርቷል።

«ግን ምን?»

ወንጌላዊት ክዳኑን መልሳ ለመግጠም አልቸኮለችም። የምትለውን ገና አላሰበችበትም ነበር።