ጳጉሜን የማያውቅ የመረጃ ቋት

በጎንደር ሦስት ዓይነት ሰው አለ፤ የሚሠራ፣ የማይሠራ፣ የሚያነጻጽር። ከሦስቱ አብዝቶ የሚደክመው የመጨረሻው ነው።

ሊቀ አነጻጻሪ እንዳልካቸውን በዚህ ማዕረግ የሾመችው ሰርካለም ናት፤ የፒያሳው የደም ለጋሾች ማኅበር ሰብሳቢ። የሦስት መቶ ለጋሾች ስም፣ ሰፈር፣ የልደት ቀን፣ ስልክና የደም ዓይነት የሰፈረበትን አንድ አሮጌ ደብተር ሰጥታ፣ "ኮምፒውተር ላይ አስገባልን" አለችው። ያኔ ልጇ ጥርስ አላበቀለም ነበር፤ አሁን ፊደል ቆጥሯል።

"ቆይ፣ እናነጻጽር" አለ እንዳልካቸው።

ዝርዝሩን የሚይዙት የመረጃ ቋት ፕሮግራሞች ሁሉ በነጻ መገኘታቸው ነው ጉዱ፤ ዋጋቸው ቢለያይ ርካሹን ይዞ ይገላገል ነበር። ማይኤስኪውኤል ፈጣን ነው፤ ግን ማሪያዲቢ የምትባል የሥጋ ዘመድ አለችው፣ እሷን ሳያዩ መወሰን ነውር ነው። ፖስትግሬስ ጥንቁቅ ነው፤ ሲበዛ ኮስታራ። ጳጉሜን ሦስት የተወለደ ለጋሽ ሲቀርብላቸው ሦስቱም "አሥራ ሦስተኛ ወር የለም" ብለው መለሱት። ኤስኪውላይት ብቻ የሰጡትን ሁሉ ዝም ብሎ ዋጠ፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አጠራጠረው።

"አንተ፣ በሽተኛ እኮ ቀጠሮ አይጠብቅም!" ትለዋለች።

"በችኮላ የተመረጠ ቋት እንደ ችኩል ጋብቻ ነው።" እሱ ራሱ አላገባም፤ ገና እያነጻጸረ ነው።

ባለፈው ሐምሌ የማኅበሩ ጣራ አፈሰሰና ደብተሩ ገንፎ ሆነ። በማግስቱ አያ ማሩ ከእንፍራንዝ ደረሱ። ልጃቸው ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል፤ የሚሆናት ኦ ኔጌቲቭ ብቻ፣ እሱም ከሆስፒታሉ አልቋል።

"ሸጋ ሰዎች አሉ ብለውኝ ነው የመጣሁ።"

ሰርካለም ወደ እንዳልካቸው ዞረች። "ዝርዝሩ የትኛው ቋት ውስጥ ነው?"

"የትኛውም ውስጥ የለም። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ አጠፋዋለሁ፤ ንጽጽሩ እንዳያዳላ።"

ሰርካለም የራሰውን ደብተር ቅጠል በቅጠል ልትገላልጥ ተጣደፈች። እሱ ግን ዓይኑን ጨፈነ።

"ፊልጶስ፣ ቁስቋም፣ ኦ ኔጌቲቭ" አለና ስልኩን እስከ መጨረሻዋ ቁጥር አንበለበለው። ቀጥሎ ይመኙሽን፣ ቀጥሎ እቴነሽን። ሦስት መቶውን ሰው ለአራት ቋት፣ በየዙሩ፣ በገዛ ጣቱ እየለቀመ ሲጽፍ ከርሟል፤ ዳዊት የደገመ ተማሪ እንኳ እንዲህ አይወጣውም።

ፊልጶስ ተደውሎለት በባጃጅ ወደ ሆስፒታሉ ከነፈ። አመሻሹ ላይ ልጃቸው ተርፋላቸው፣ አያ ማሩ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ የእንዳልካቸውን ግንባር ሳሙ።

ሰርካለም ሦስት መቶውን ስም በቃሉ እያስነገረች በአዲስ ደብተር ገለበጠች። ሳምንት ሳይሞላ እንዳልካቸው አንገቱን ደፍቶ መጣ።

"ወሰንኩ። ፖስትግሬስ ይሁን። ዛሬውኑ አስገብቼ እገላግልሻለሁ።"

ሰርካለም የሚያፈሰውን ጣራ አየች፤ ደብተሩን አየች፤ ከዚያ የእንዳልካቸውን ግንባር። ይህ ሰው መርጦ ከጨረሰ መጻፉን ይተዋል፤ መጻፉን ከተወ ደግሞ ይረሳል።

"ቆይ" አለችው፤ "እናነጻጽር።"