ቆርቆሮውን ያዳኑት ክብርት

ክብርት የምክር ቤት አባላችን በሥልጣን ዘመናቸው አንዲት ሳንቲም ሜዳ ላይ ጥለው አያውቁም። ይህን የተናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ እውነት ነው።

ሌላው ተመራጭ "በጀት ይጨመርልን" እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ሲጮህ፣ እሳቸው የሚያምኑት በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ይጠናል፣ ቀጥሎ ይመከርበታል፣ የተረፈ ካለ ይሠራል። እስካሁን ተርፎ አያውቅም እንጂ።

እናም ያደጉበት ሰፈር ትምህርት ቤት "የአምስተኛ ክፍል ጣሪያ ያፈሳል፣ አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ይሰጠን" ብሎ ሲጽፍላቸው፣ እንደ ማንም ተራ ሰው ዘለው ቆርቆሮ አልገዙም። "ለመሆኑ በእርግጥ ያፈሳል ወይ?" ብለው አጥኚ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው አበሉን ተቀብሎ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው በጋውን ጠብቆ ሄደ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ጣሪያው ካንጋጠጠ በኋላ ባለ አርባ ገጽ ሪፖርት አቀረበ፤ "በጥናቱ ወቅት አንዲትም ጠብታ አልተስተዋለችም።"

ክረምቱ እንደገባ ስልክ ተደወለ። ደዋይዋ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ፣ ክብርትን ከልጅነታቸው ያሳደጉ አክስታቸው ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ትናንት ስድስት ባልዲ ደርድሬ አልበቃኝም። ልጆቹ ደብተራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ነው የሚማሩት።"

"እትዬ፣ በሪፖርቱ መሠረት እኮ አያፈስም።"

"ታዲያ አናቴ ላይ የሚንጠባጠበው ሪፖርቱ ነው?"

"በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይታያል።"

"እስከዚያ ዋና ላስተምራቸው?"

ክብርት ስልኩን በትሕትና ዘጉ። ሥራ ነበረባቸዋ! ቆርቆሮው ባለመገዛቱ ገንዘብ ድኗል፤ የዳነ ገንዘብ ደግሞ ካልተጨበጨበለት ማን ያውቀዋል? በዚያው ትምህርት ቤት ግቢ ታላቅ የቁጠባ ቀን ተደገሰ። ለእንግዶች ድንኳን ተተከለ፤ ልጆቹ ውጭ ተሰልፈው እየበሰበሱ ዘመሩ። ከመድረኩ ጀርባ ክብርት እጃቸውን ዘርግተው የሚስቁበት፣ ከክፍሉ የሚሰፋ የላስቲክ ባነር ተሰቀለ። "በእኔ ዘንድ ብክነት ቦታ የለውም!" ይላል። የቆርቆሮው ገንዘብ እዚያው አለቀ፤ እንዲያውም ጥቂት ተበደሩ።

በሳምንቱ ዶፍ ሲወርድ ክብርት በትምህርት ቤቱ በኩል ሲያልፉ መኪናቸውን ድንገት አስቆሙ። ጣሪያው ላይ እሳቸው ነበሩ! በጀርባቸው ተንጋለው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው አፍንጫቸው ላይ ድንጋይ ተጭኖባቸው እየሳቁ ነው።

ጃንጥላም ሳይዙ ወረዱ።

"እትዬ! ይሄ ምን የሚሉት ድፍረት ነው? አሁኑኑ ይውረድ!"

አክስት በር ላይ ባልዲያቸውን ደፍተው ተቀምጠውበታል። ከውስጥ የልጆቹ ንባብ ይሰማል።

"አይወርድም" አሉ። "ከተመረጥሽ ዛሬ ገና ጠቀምሽን፤ እሱም ዝም ብለሽ ስለተዘረጋሽ ነው።"