ያላለቀው ጨዋታ

(ነብራስካ፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ የስፖርት ዕቃ መደብር ደጃፍ። ጡረታ የወጣው የቤዝቦል ወርዋሪ ኤልዉድ ለአድናቂዎች ኳስ ይፈርማል። ከጎኑ ኳሱን ይቀበልለት የነበረው ሌስተር የሱፍ አበባ ፍሬ ይፈለፍላል። አድናቂው ዱዌይን ሆትዶግ ይዞ ቆሟል።)

ኤልዉድ፦ ሆትዶግ ላይ ካቻፕ ለሚያፈስ ሰው አልፈርምም! ጨርሻለሁ!

ዱዌይን፦ ጋሼ፣ ሰናፍጭ እኮ ያስነጥሰኛል። እስቲ ጋሽ ሌስተር ይፍረዱን።

(ሌስተር ሰማይ ሰማይ ያያል።)

ኤልዉድ፦ አትልፋ! እኔ ባለሁበት አፉን አይከፍትም። ካኮረፈኝ ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው።

ዱዌይን፦ ታዲያ ምን ሊያደርጉ አብረውዎት ይመጣሉ?

ኤልዉድ፦ እኔስ ምኑን አውቄ! የልጄ ሰርግ ላይ እንኳ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። እውነቴን ነው፣ ያንገበግበኛል። ድምፁን ሳልሰማ መሞት አልፈልግም።

ዱዌይን፦ ምን በድለዋቸው ነው?

ኤልዉድ፦ ምንም! የመጨረሻ ጨዋታችን ቀን ጠዋት አብረን ስንስቅ ነበር። ከዘጠኙ ዙር ስምንተኛው ላይ ዝናቡ መጣና አቋረጠን። እስከዚያ ድረስ ኳሴን የመታ አንድ ሰው የለም!

ዱዌይን፦ አንድም?

ኤልዉድ፦ እንኳን ሊመቱት፣ መቼ አዩትና!

ዱዌይን፦ የወርዋሪውን ኳስ ማንም ሳይመታ ሲቀር ጓደኞቹ አያናግሩትም አይደል? እንዳያሟርቱበት?

ኤልዉድ፦ ደግሞ ለኔ ልታስተምር! እሱማ ጨዋታው እስኪያልቅ ነው።

ዱዌይን፦ አለቀ?

ኤልዉድ፦ ምኑ?

ዱዌይን፦ ጨዋታው ነዋ!

ኤልዉድ፦ ሌላ ቀን ይቀጥላል ተባለ፤ ከዚያ ቡድኑ ፈረሰ... (ቀስ ብሎ ይዞራል) ሌስተር? አላለቀም ብለህ ነው?

(ሌስተር እንባ እያቀረረ ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች ይነቀንቃል።)

ኤልዉድ፦ አንተ ጅል!

ዱዌይን፦ መላው ቀላል ነው። አንድ ሰው ኳስዎን ይምታ።

ኤልዉድ፦ ያንን ጨዋታ ላበላሸው? ያለኝ ክብር እኮ እሱ ብቻ ነው!

ዱዌይን፦ ይምረጡ እንግዲህ፤ ወይ ክብሩን ወይ ጓደኛዎን።

(ኤልዉድ ሌስተርን አየት ያደርገዋል። ከመደብሩ ዱላ አምጥቶ ለዱዌይን ይሰጠውና ለሕፃን እንደሚወረወር አድርጎ ይወረውርለታል። ዱዌይን ዓይኑን ጨፍኖ ይመታል። ኳሱ ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ይጠፋል።)

ሌስተር፦ (ብድግ ብሎ) ኤልዉድ!

ኤልዉድ፦ (እያለቀሰ) ወንድሜ! ተናገር! የሆድህን ሁሉ ተናገር!

ሌስተር፦ እሺ። የልጅህ ሰርግ ላይ ሱሪህ ከኋላ ተቀዶ ነበር። ጀርባህን የመታሁህ ወደ ግድግዳው ዙር ልልህ ብዬ ነው።

ኤልዉድ፦ ሰዉ ሁሉ አየኝ?

ሌስተር፦ ቄሱ ሳይቀሩ! ደግሞ በኳስ ገደልኩት እያልክ የምታወራው ድብ ውሻ ነበር።

ዱዌይን፦ ውሻ?

ሌስተር፦ እሱንም ስቶታል! ያ ፈጣን ኳስህ ደግሞ...

ኤልዉድ፦ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል!

ሌስተር፦ ይስማ! ገና መቼ ጀመርኩና!

(ኤልዉድ ተሯሩጦ አዲስ ኳስ ያነሳል።)

ኤልዉድ፦ ዱዌይን፣ ዱላውን ያዝ!

(ባለ በሌለ ኃይሉ ይወረውራል። ዱዌይን አየር ይመታል።)

ኤልዉድ፦ አዲስ ጨዋታ ጀምሬያለሁ! እስካሁን ማንም አልመታኝም!

(ሌስተር አፉን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ ይላል።)